አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ለአዲሱ ኮምፒውተር ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዴስክቶፕ ሊያሻሽሉ የተነሱ ሰዎች ስለ ፓወር ሰፕላይ ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን እስከ ከባዱ እንሂድበት።

ፓወር ሰፕላይ ምን ይሠራል? ለምንስ ይህን ያህል ይወራለታል?

ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ወደሚፈልገው 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይቀይራል። በዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ ትልቁን ጉልበት የሚበሉት ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ናቸው። ሁለቱም የሚመገቡት በዋናነት ከ12 ቮልቱ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደታች ደጋግማ ትመጣለች።

ራም ሲበላሽ ብቻውን ይበላሻል፤ ትቀይሩታላችሁ፣ አለቀ። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ግን ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ማዘርቦርድ ይገዛል። ሃርድ ዲስኩ ላይ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍና የልጆች ፎቶ ግን የትም አይሸጥም። ስለዚህ በዚህ ዕቃ ላይ ቆጠባ ከመጀመራችሁ በፊት አስቡበት።

አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ለአዲሱ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር መጠቀም ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ይቻላል። በደህና ኩባንያ የተሠራ፣ ዕድሜው ያልገፋ፣ በ12 ቮልቱ በቂ ጉልበት ያለው፣ ገመዱም የሚገጥም ከሆነ አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ግን አትጠቀሙበት። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ገመዱ ከገባ ሁሉ ነገር የሆነ ይመስለዋል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ራም ወይም ኤስኤስዲ ብቻ ብጨምርስ?

አታስቡ። አንድ ራም ወይም አንድ ኤስኤስዲ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው። እንዲያውም የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ በኤስኤስዲ ከተካችሁ ፍጆታው ይቀንሳል። ሳታ የሚባለው የዲስክ መሰኪያ ትርፍ መኖሩን ብቻ እዩ።

ፓወር ሰፕላይ ስንት ዓመት ያገለግላል?

ጥሩዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ዋስትና ይዘው ይወጣሉ። አምራቹ ራሱ ያንን ያህል ይቆያል ብሎ ፈርሞበታል ማለት ነው። ዋስትናው ያለቀበት ሁሉ ይጣላል አልልም። ግን 10 ዓመት ያለፈውን ፓወር ሰፕላይ በውድ ግራፊክስ ካርድ ላይ መሰካት አልመክርም።

ቀድመው የሚያረጁት ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ስሌት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የዓመቱ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። አየር በማያገኝ ጠረጴዛ ሥር፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ በኢንተርኔት ካፌ ሲሠራ የኖረ የ5 ዓመት ፓወር ሰፕላይ፣ ቤት ውስጥ ማታ ማታ ብቻ ከሚበራ የ8 ዓመቱ ይልቅ ያረጀ ሊሆን ይችላል።

ስንት ዋት ያስፈልገኛል?

የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ከፍተኛ ፍጆታ ደምሩ። ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለዲስኮቹና ለፋኖቹ 50 ዋት ያህል ጨምሩ። ምሳሌ እንውሰድ። ኮር አይ5 12400 የሚባለው ፕሮሰሰር ሲጨናነቅ እስከ 117 ዋት ይወስዳል። አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 170 ዋት። ከ50ው ጋር 337 ዋት ይሆናል።

ታዲያ አምራቹ ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ የሚመክረው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ካርዱ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይስባል። ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ እስከ ጫፉ የተጫነ ፓወር ሰፕላይ ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ቶሎም ያረጃል። ሦስተኛ፣ ሰው ምን ዓይነት ፓወር ሰፕላይ እንደሚጠቀም ኩባንያው አያውቅም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። በደህና 450 ዋት ይህን ኮምፒውተር ያለችግር ማስኬድ ይቻላል። በመናኛ 600 ዋት ግን ላይቻል ይችላል። የሚቀጥለውን መልስ እዩ።

የኔው ላይ 500 ዋት ተብሎ ተጽፏል። አይበቃኝም?

በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። ኬዙን ክፈቱና በፓወር ሰፕላዩ ጎን የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። ከላይ በኩል +3.3፣ +5፣ +12 እየተባለ ይሄዳል። ከሥሩ አምፔሩ አለ። የ12ቱን አምፔር በ12 አባዙት። የምታገኙት ቁጥር ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ተካፍለው የሚኖሩበት ጉልበት ነው።

ከርካሽ ኬዝ ጋር ተገጥሞ የሚሸጥ «500 ዋት» ላይ +12 ቮልት 17 አምፔር ብቻ ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። 17 ሲባዛ በ12፣ 204 ዋት። ቀሪው የተሞላው ዛሬ ብዙም በማይፈለግ የ3.3 እና የ5 ቮልት አምፔር ነው። ከላይ ያሰላነውን 337 ዋት የሚፈልግ ኮምፒውተር በዚህ ላይ ብትሰኩ ዊንዶውስ ይነሳል፣ ወርድም ይከፈታል፣ ፊልምም ይታያል። ጌም ሲከፈት ነው ጉዱ የሚታየው። ደህና 500 ዋት ላይ ግን በ12 ቮልቱ 38 ወይም 40 አምፔር ታነባላችሁ።

+12V1 እና +12V2 ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ካጋጠማችሁ ሁለቱን አምፔር ዝም ብላችሁ አትደምሩ። ከሥር የጋራ ዋት የሚል መስመር አለ፤ እሱን ውሰዱ። በጣም አሮጌ የሆኑ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ ተጭበርብሮባቸው ባይሆንም 12 ቮልታቸው አነስተኛ ነው። በዚያ ዘመን ፕሮሰሰሮች ከ5 ቮልት ይመገቡ ስለነበር ጉልበቱ የተሰጠው ለዚያ ነበር። ተለጣፊው ላይ ያለው እውነት ቢሆንም ለዛሬ አይሆንም።

ገመዶቹ ከአዲሱ ማዘርቦርድ ጋር ይገጥማሉ?

ትልቁ የማዘርቦርድ መሰኪያ ከ2003 ጀምሮ 24 ፒን ነው። ስለዚህ ባለፉት 15 ዓመታት የተገዛ መደበኛ ፓወር ሰፕላይ እዚህ ላይ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ትንሹ መሰኪያ ነው። አሮጌዎቹ 4 ፒን አላቸው፤ አዲሶቹ ማዘርቦርዶች 8 ይጠይቃሉ።

ባለ 4 ፒኑ በ8ቱ ግማሽ ላይ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜም ይሠራል። አነስተኛ ፕሮሰሰር ከሆነ፣ ለምሳሌ 65 ዋት የሚባሉት፣ ችግር የለውም። ብዙ ለሚበላ ፕሮሰሰር ግን አታድርጉት፤ በአራት ሽቦ ሊሄድ የሚገባውን ሁሉ በሁለት መስደድ ስለሆነ መሰኪያው ይሞቃል። ደግሞ የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን 8 ፒን አታምታቱ። ይመሳሰላሉ፤ አወቃቀራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ካልገባ በግድ አትግፉት።

ግራፊክስ ካርዱ 8 ፒን ይፈልጋል፤ የኔ ፓወር ሰፕላይ ግን የለውም። አዳፕተር ልግዛ?

ፓወር ሰፕላዩ 6 ወይም 8 ፒን የካርድ ገመድ ይዞ ካልመጣ፣ አምራቹ ለግራፊክስ ካርድ አላሰበውም ማለት ነው። አዳፕተሩ ፒን ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ 75 ዋት ይሰጣል፣ 6 ፒኑ ሌላ 75፣ 8 ፒኑ 150። ይህን ሁሉ ከአንድ ሞሌክስ (ባለ 4 ፒኑ የድሮ ዲስኮች መሰኪያ) ወይም ከአንድ ሳታ መሰኪያ ልሳብ ብትሉ ሽቦው ይቀልጣል። በተለይ ከሳታ ወደ ግራፊክስ ካርድ የሚቀይረውን አዳፕተር ለማንም አልመክርም። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልቱ ከ54 ዋት በላይ እንዲሸከም አልተሠራም።

ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ካልቻላችሁ ካርዱን ቀይሩ። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያሉ 75 ዋት የሚበቃቸው፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቁ ካርዶች አሉ። ስትገዙ ሞዴሉን እዩ፤ አንዳንዱ 1650 ባለ 6 ፒን ነው።

ያለኝ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ፓወር ሰፕላዩን አውጥቼ ሌላ ላይ ልግጠመው?

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው አገራችን ገበያ ላይ የሚገኙት የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ ማሽኖች ጥራታቸው ደህና ነው። ግን የራሳቸው መሰኪያ አላቸው። ለምሳሌ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ትልቁ መሰኪያ 24 ሳይሆን 8 ፒን ነው። ፓወር ሰፕላዩ በመደበኛ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። በተቃራኒውም መደበኛ ፓወር ሰፕላይ ዴሉ ላይ ለመሰካት የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋል፤ ይህ ገመድ ይሸጣል፣ ይሠራልም።

መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። የ9020 ትንሹ ኬዝ ባለ 255 ዋት ቀጭን ፓወር ሰፕላይ ነው የሚይዘው፤ መደበኛው ቦታው ላይ አይቀመጥም። ትንሹን ኬዝ የያዘ ሰው ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ከሚያልም ገመድ በማይፈልግ አጭር ካርድ ቢረካ ይሻለዋል።

ከአሜሪካ የተላከልኝ ኮምፒውተር ነው። እዚህ ልሰካው?

ከጀርባው ተለጣፊውን አንብቡ። 100-240 ካለ ያለምንም ትራንስፎርመር 220 ላይ ይሰካል፤ ራሱ ያስተካክላል። ገመዱን ብቻ በእኛ ሶኬት በሚገባ ቀይሩ።

አሮጌዎቹ ላይ ግን ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ ቀይ ትንሽ ስዊች አለ። 115 እና 230 ተብሎ ተጽፎበታል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ነው ያለው። እንደዚያው ሆኖ 220 ላይ ከተሰካ እንደ ርችት ይጮኻል፣ ይጨሳል፤ አለቀለት። ከመሰካታችሁ በፊት ገመዱ ተነቅሎ እያለ በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ወደ 230 አዙሩት። ዘመድ ዕቃ ሲልክላችሁም ፎቶ አንሥቶ ተለጣፊውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ፓወር ሰፕላዩ ገመዱ የሚነቃቀል ነው። አዲስ ስገዛ የድሮውን ገመድ ትቼ ሳጥኑን ብቻ ብቀይርስ?

በፍጹም። በዕቃዎቹ በኩል ያለው ጫፍ ደረጃ ወጥቶለታል። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ ግን አልወጣለትም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ እንደፈለገ ነው የሚያደርገው። የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ችግሩ ገመዱ በደንብ መግባቱ ነው። ይገባል፣ ትክክልም ይመስላል፤ 5 ቮልት በሚጠበቅበት 12 ቮልት ይሄድና ዲስኩ ወዲያው ይቃጠላል። አሮጌውን ስታወጡ ገመዶቹን ሁሉ አብራችሁ አውጡ። ለሌላ ሰው ስትሰጡም አብራችሁ ስጡ።

አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ደህና መሆኑን እንዴት ልፈትሽ?

መጀመሪያ በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ። በፋኑ በኩል በባትሪ አብሩና ወደ ውስጥ እዩ። ካፓሲተሮቹ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጠበ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ አይሆንም። የተቃጠለ ሽታ ካለውም እንዲሁ። ፋኑ ሲዞር የሚንገጫገጭ ከሆነ አየር ማስወጣት እያቃተው ነው።

ቀጥሎ በመልቲሜትር። ኮምፒውተሩ በርቶ እየሠራ፣ ትርፍ በሆነ ሞሌክስ መሰኪያ ላይ ለኩ። ጥቁሩ ሽቦ መሬት ነው፣ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5 ቮልት። የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ነው። ማለትም ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 መካከል መሆን አለበት። ዋናው ነገር ጭነት ላይ መለካቱ ነው። ዊንዶውስ ባዶውን ተከፍቶ 12.1 ያሳየ ፓወር ሰፕላይ ጌም ሲከፈት 11.3 ከወረደ አልቆለታል።

አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኝቶ ማስነሳት የሚባለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። መነሳቱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ያለ ጭነት የተነሳ ፓወር ሰፕላይ ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ሁሉን ገጥሜ ይሠራል። ጌም ስጫወት ግን ድንገት ድርግም ይላል። ምንድን ነው?

ሰማያዊ ስክሪን ሳይመጣ፣ ሳይንቀራፈፍ፣ መብራት እንደሄደ ያህል የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅም እንዲሁ ሊያደርግ ስለሚችል ሙቀቱን አስቀድማችሁ እዩ።

አዳዲሶቹ ትልልቅ ካርዶች ከሰከንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተለመደው ፍጆታቸው በእጅጉ ይዘላሉ። እንደ አርቲኤክስ 3080 ያለው፣ በወረቀት 320 ዋት የሆነ ካርድ፣ በዚህ ይታወቃል። ጥሩ ግን አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ዝላዩን አደጋ ነው ብሎ ራሱን ያጠፋል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለው ደረጃ ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው የተዘጋጀው፤ ፓወር ሰፕላዩ ከአቅሙ እጥፍ የሆነን ዝላይ ለአጭር ቅጽበት እንዲችል ይጠይቃል። ጊዜያዊ መፍትሔ ከፈለጋችሁ የካርዱን የኃይል ጣሪያ በሶፍትዌር ወደ 80 በመቶ አውርዱት። የጌሙ ፍጥነት ብዙ አይቀንስም።

አዲሱ ኮምፒውተር ስሊፕ ካደረግኩት በኋላ አይነሳም፤ ከአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። በ2013 ከወጣው የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ጀምሮ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲፈቱ ከ12 ቮልቱ የሚስቡት ኢምንት ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሠሩ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ይህን ያህል ትንሽ ጭነት ሲያዩ ሚዛናቸውን ይስታሉ ወይም ይዘጋሉ። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ሲ6 እና ሲ7 የሚባሉትን የፕሮሰሰሩን ኃይል መቆጠቢያዎች ዝጉና ሞክሩ። ከዳነ ምክንያቱ ታውቋል።

መብራት ሲቆራረጥ ዩፒኤስ አለኝ፤ ግን ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርጋል። ዩፒኤሱ ነው የተበላሸው?

የግድ አይደለም። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ እስኪረከብ ድረስ ክፍተት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ በካፓሲተሩ ባጠራቀመው ጉልበት ከ16 እስከ 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል መቆም አለበት። ካፓሲተሩ ሲያረጅ ይህ ጊዜ ያጥራል። አምና በዚሁ ዩፒኤስ የማይጠፋ ኮምፒውተር ዘንድሮ መብራት በሄደ ቁጥር ሪስታርት ካደረገ፣ እርጅና እየነገራችሁ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት፤ ያ ካልጠፋ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው።

ዩፒኤስ የሌላችሁ ደግሞ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉት። ከመሄዱ ይልቅ አመጣጡ ነው የሚጎዳው። ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ።

ኬዙን ስነካ ይነዝረኛል። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር?

መጀመሪያ ሶኬቱን እዩ። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ከኬዙ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። የቤቱ ሶኬት መሬት (ኧርዝ የሚባለው ሽቦ) ካለው ያ ትንሽ ፍሳሽ ወደ መሬት ይሄዳል። መሬት ከሌለው ኬዙ ላይ ወደ 110 ቮልት ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። አሮጌ ቤቶች ውስጥና ሁለት ቀዳዳ ብቻ ባለው ዲቫይደር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ብትገዙም ይቀጥላል።

መፍትሔው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ መሬት ማስገባት፣ ዲቫይደሩንም ባለ መሬት ማድረግ ነው። ንዝረቱ ጠንከር ያለ ከሆነ፣ ወይም መሬት ባለው ሶኬት ላይም ካለ ግን አውጡት፤ ያ ብልሽት ነው።

ያገለገለ ጥሩ ብራንድ ይሻላል ወይስ አዲስ ርካሽ?

ከሚታወቅ ሰው የተገኘ፣ የ3 ወይም የ4 ዓመት፣ ስመ ጥር የሆነ ፓወር ሰፕላይ ስሙ ከማይታወቅ አዲስ ይሻላል። ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ርካሹ ውስጥ መከላከያዎቹ ጎድለዋል፤ ሲበላሽ ማዘርቦርዱን የሚያተርፍለት ነገር የለም። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ እንጂ ስለ መከላከያ አይናገርም፤ ምልክቱን ፎርጅድ አድርጎ የሚለጥፍም አለ።

ካፓሲተሩ ብቻ ነው ያበጠው። ከፍቼ ልቀይረው?

እናንተ አትክፈቱት። ዋናው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ይህ ሰው ይገድላል።

ሙያው ያለው ጠጋኝ ሊቀይረው ይችላል። ቮልቱና ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ሙቀት መቋቋሙም 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የሆነ ይግባበት። አንዱ ካበጠ ግን ጎረቤቶቹም በአንድ ሙቀት የኖሩ ናቸው፤ ቮልቱ በሚወጣበት በኩል ያሉትን ካፓሲተሮች በሙሉ ካልቀየረ ብዙ ሳይቆይ ትመለሳላችሁ። ተጠግኖ ሲመጣ ለቢሮ ሥራ በሚውል አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አድርጉት። አዲሱ ላይ አትሰኩት።